መምህሬ «ዝናብ ሳይመጣ ማልሃር የለም» ያሉኝ ለምን ነበር? (ሚያን ኪ ማልሃር ስለሚባለው ራጋ)

ደመና_ጠባቂ
ሐምሌ 4፣ ምሽት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ አዲስ አበባ ከቀትር ጀምሮ ዶፍ እየወረደ ነው፤ እኔም አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ፑኔ ሄጄ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ከትምህርቱ ጎን ለጎን አንዲት አዛውንት መምህር ዘንድ እየሄድኩ የሂንዱስታኒ (የሰሜን ህንድ ክላሲካል) ዜማ ተማርኩ። ማራትኛ ተናጋሪዎች ታላቅ እህታቸውን «ታይ» ነው የሚሉት፤ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እንደዚያ ስለሚጠሯቸው እኔም ታይ እላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ቡፓሊና ያማን ከተባሉ ሁለት ራጋዎች አልወጣንም። ራጋ ለማታውቁ፦ እንደኛ ቅኝት የድምፆች ምርጫ አለው፤ ግን በዚያ አያበቃም። የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚታረፍ፣ የትኛው ተነክቶ እንደሚታለፍ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚኬድ ሁሉ የተወሰነ ነው።

በጥር ወር አንድ ማታ ከጎረቤት መስኮት የዘማሪውን የቢምሰን ጆሺን ድምፅ ሰማሁ። ሚያን ኪ ማልሃር መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከታች፣ ከደረት ውስጥ የሚነሳ፣ ሩቅ ሆኖ እንደሚያጉረመርም ነጎድጓድ ያለ ዜማ። በማግስቱ ታይን «ይህንን አስተምሩኝ» አልኳቸው። «ዝናቡ ይምጣ» አሉኝ። በየካቲትም ጠየቅሁ፣ ሙቀቱ በበረታበት በሚያዝያም ጠየቅሁ። መልሱ ያው ነበር።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ስልኬ ጮኸ። «ነይ» ብቻ አሉ። ስደርስ በረንዳው ላይ ታንፑራውን፣ ዘማሪውን የሚያጅበውን ባለ አውታር መሣሪያ፣ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ውጪ የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ እየጣለ ነው፤ የአፈሩ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። የዚያን ቀን ያስተማሩኝ ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ ከሚባሉት ሰባት ድምፆች አራቱን ነው፦ ጋ፣ ማ፣ ሬ፣ ሳ። በነዚያ አራት ድምፆች ላይ ስድስት ሳምንት ቆየን።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያ መጠበቅ የሙዚቃው አካል ነው ወይስ ልማድ ብቻ? ከእናንተ መካከል የቀመሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


ባለ_ታንፑራ
ሐምሌ 4፣ ሌሊት

እህቴ፣ ስድስት ሳምንት በአራት ድምፅ ላይ መቆየትሽ ብዙ ሰው የማያገኘው ዕድል ነው።

ስለ ወቅቱ የማውቀውን ልበል። በሂንዱስታኒ ሥርዓት አብዛኞቹ ራጋዎች የቀን ሰዓት አላቸው፤ የንጋት፣ የቀትር፣ የምሽት እየተባሉ ይለያሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ወቅት አላቸው። ባሃር የፀደይ ነው፣ የማልሃር ቤተሰብ የክረምት። ሚያን ኪ ማልሃር በሌላው ጊዜ ሲዜም ሰዓቱ ሌሊት ነው። ዝናቡ ከገባ በኋላ ግን የሰዓቱ ሕግ ይነሳለታል፤ ጠዋትም ሆነ ቀትር ይዜማል። ሰማዩ ሲጠቁር ቀኑም ሌሊት ይሆናልና ይመስለኛል።

ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ሜግ አለ፤ «ደመና» ማለት ነው፤ ጋና ዳ የሌሉት ባለ አምስት ድምፅ ራጋ ነው። ጋውድ ማልሃር አለ፤ ጋው ሙሉ ስለሆነ ፊቱ ፈካ ያለ ነው፤ የኪሾሪ አሞንካርን ቅጂ ያልሰማ ፈልጎ ይስማ። ሱር ማልሃር ለባለቅኔው ሱርዳስ ይሰጣል። ራምዳሲ ማልሃርም አለ። «ማልሃር» የሚለውን ቃል ብዙዎች «እድፍን የሚያስወግድ» ብለው ይተነትኑታል።

መጠበቁን በተመለከተ የማምነውን ልንገርሽ። መምህርሽ ራጋውን ሳይሆን ጆሮሽን ነው ያስጠበቁት። ከጥር እስከ ሰኔ አምስት ወር ያህል ያንን ድምፅ ስትናፍቂው ነበር። የክረምት ባንዲሾች (በራጋ የሚዘመሩ አጫጭር ድርሰቶች) ግጥም ደግሞ ከናፍቆት በቀር የሚናገረው ጉዳይ ጥቂት ነው።


ባህር_ማዶ_ዱባይ
ሐምሌ 5፣ ቀን

ይህን ክር ሳይ ደንግጬ ነው የገባሁት፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ ተቸግሬያለሁና።

ዱባይ በሥራ ላይ ነኝ። አብሮኝ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ከማድያ ፕራዴሽ የመጣ ህንዳዊ ነው፤ አባቱ ዘማሪ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ ተምሯል። እሱን እየሰማሁ የሙዚቃው ፍቅር ያዘኝ። ስልኬ ላይ የታንፑራ መተግበሪያ ጫንኩ፤ የሚያን ኪ ማልሃርን ድምፆች ከመጽሐፍ ወሰድኩ፤ አንድ ወር ሙሉ ሌት ሌት ተለማመድኩ። ጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ኒው ሁለት ዓይነት ነው፣ የቀሩት ሙሉ ናቸው። አንድም ድምፅ አልሳትኩም፤ በመቃኛ መሣሪያ አረጋግጫለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዘመርኩለት። በጥሞና አዳመጠኝና «ጥሩ ነው፣ ግን ይህ ባሃር ነው» አለኝ።

ባሃር ደግሞ የፀደይ ራጋ ነው። ድምፆቹ አንድ ከሆኑ እንዴት ክረምቱን ፀደይ አደረግሁት? እሱ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ ግን በእንግሊዝኛም በሂንዲም አልተግባባንም። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።


ደመና_ጠባቂ
ሐምሌ 5፣ ምሽት

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ጥሩ ጆሮ አለው፤ አንተም አልተሳሳትክም። የሁለቱ ድምፆች በእርግጥ አንድ ናቸው። በመጽሐፍ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መንታ ይመስላሉ። እኔን ስድስት ሳምንት ያስቀመጠኝም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ጋ። አንተ ጋን እንደ ድንጋይ ቀጥ አድርገህ የያዝከው ይመስለኛል። በማልሃር ዝቅ ያለው ጋ ቆሞ አይገኝም፤ ይወዛወዛል። «አንዶላን» ይሉታል። ከላዩ ካለው ማ ተነስቶ ወደ ጋ ይወርዳል፣ ወደ ማ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል፤ በጣም በዝግታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ውሃ የከበደው ቅርንጫፍ በነፋስ እንደሚንቀሳቀስ ያህል። ከዚያ ማ፣ ሬ፣ ሳ ብሎ ያርፋል። ይህ ውዝዋዜ የድምፅ መንቀጥቀጥ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ጉሮሮዬን አንቀጠቀጥኩት፤ ታይ እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው በዝግታ ከፍ ዝቅ እያደረጉ «ይህን ያህል ነው ፍጥነቱ» አሉኝ። በቃል አላስረዱኝም። እስከዛሬም ያንን ሐረግ ስዘምር እጄ ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛ መዝለያው። ባሃር ከሳ ተነስቶ በቀጥታ ማ ላይ መዝለል ይወዳል። ማልሃር ግን ከማ ወደ ሬ ወርዶ ከሬ ወደ ፓ ነው የሚወጣው፦ ማ ሬ ፓ። የማልሃር ቤተሰብ መታወቂያ ይኼ ነው። ሬው ላይ ማ በስሱ ትነካዋለች። ሳ ማ ብለህ ከጀመርክ ጓደኛህ ገና ሦስተኛውን ድምፅ ሳይሰማ «ባሃር» ይልሃል።

ሦስተኛ ኒዎቹ። ዝቅ ያለው ኒ፣ ዳ፣ ከፍ ያለው ኒ፣ ሳ። ይህ ሐረግ በሁለቱም አለ። ግን በባሃር ወደ ላይኛው ሳ የሚሮጥ ደረጃ ነው። በማልሃር ወደ ታችኛው መደብ ይወረድና እዚያ ይታሻል፤ ሁለቱ ኒዎች እየተጠጋጉ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ ሳ እስኪገኝ ደመና እንደሚጠራቀም ነው። ነጎድጓዱ ያለው እዚያ ነው። ታይ ወደዚያ እንድወርድ የፈቀዱልኝ ከስድስቱ ሳምንት በኋላ ነበር።

ስለ ፍጥነቱም አንድ ነገር ልበል። ባሃር የአበባ ራጋ ነው፤ ቀልጠፍ ይላል፣ ወደ ላይ ይፈነድቃል። አንተ ምናልባት ድምፆቹን በእኩል ርዝመት፣ በእኩል ጉልበት ዘምረሃቸው ይሆናል። እንዲያ ሲደረግ ዜማው ወደ ባሃር ያደላል።


ጋሽ_ሬዲዮ
ሐምሌ 6፣ ጠዋት

ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ የህንድ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቼ ያየሁ የድሮ ሰው ነኝ፤ ስለ ራጋ ግን ብዙም አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ዘፍኖ ዝናብ ስላዘነበ ሰው ታሪክ በወጣትነቴ የህንድ አስተማሪዬ ነግረውኝ ነበር። ሰውየው መብራትም በዘፈን አበራ ይባላል። ይህ ሰው በእርግጥ ነበረ ወይስ ተረት ነው?


ባለ_ታንፑራ
ሐምሌ 6፣ ቀን

ጋሼ፣ ሰውየው ነበረ። ታንሴን ይባላል፤ በንጉሥ አክባር ቤተ መንግሥት ከዘጠኙ «ዕንቁዎች» አንዱ ተብሎ የተቆጠረ ዘማሪ ነው። «ሚያን» የክብር መጠሪያው ነው፤ «ሚያን ኪ ማልሃር» ማለትም «የሚያን ማልሃር» ነው። ሚያን ኪ ቶዲና ዳርባሪ ካናዳ የተባሉት ራጋዎችም ለእሱ ይሰጣሉ። መቃብሩ ጓልዮር ነው፤ አጠገቡ የበቀለውን የሁመር ዛፍ ቅጠል ዘማሪዎች ድምፅ ያሳምራል ብለው ያኝኩታል።

አስተማሪዎ የነገሩዎት አፈ ታሪኩን ነው። ታንሴን የእሳቱን ራጋ ዲፓክን እንዲዘምር ተገደደ፤ ሲዘምር መብራቶቹ በራሳቸው በሩ፤ ገላው ግን በእሳቱ ተቃጠለ። ያዳነው የማልሃር ዝናብ ነው። በጉጃራት ሲነገር ዝናቡን የጠሩት የቫድናጋር እህትማማቾች ታናና ሪሪ ናቸው፤ ከተማዋ እስከዛሬ በስማቸው የሙዚቃ በዓል ታደርጋለች። በሌሎች አፍ ደግሞ ያዳነችው የገዛ ልጁ ናት።

እኔን ከአፈ ታሪኩ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ታንሴን ይዘምር የነበረው ድሩፓድ የሚባለውን ጥንታዊና ጽኑ ስልት ነው። ዛሬ ማልሃርን በብዛት የምንሰማበት ኻያል የተባለው ስልት የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በሙሐመድ ሻህ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1719 እስከ 1748፣ ሳዳራንግ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ኒያማት ኻን ካቀናበራቸው ባንዲሾች ጋር። ስለዚህ አንድም ሰው ታንሴን እንደዘመረው አይዘምረውም። ራጋው ግን በሰው ጉሮሮ ውስጥ እየተሻገረ ይኸው ደርሷል። «ሲና ባ ሲና» ይሉታል፤ ከደረት ወደ ደረት ማለት ነው።


የዜማ_ቤት_ልጅ
ሐምሌ 6፣ ምሽት

«ከደረት ወደ ደረት» የሚለውን ሳነብ ቆም አልኩ።

እኔ ጎንደር አካባቢ ዜማ ቤት ያደግሁ ነኝ። ድጓችን በዘመናት የተከፈለ ነው፤ የዘመነ ክረምት ዜማ አለ፣ የዘመነ ጽጌ አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ጊዜውን ይዘምራል። ምልክትም አለን፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ግን ምልክቱን አይቶ ዜማውን ያገኘ ተማሪ አላየሁም። መሪጌታ ፊት ተቀምጦ፣ አፋቸውን እያየ፣ ሲሳሳት እየተመለሰ ነው የሚያገኘው። ርክርክን በወረቀት ላይ እንዴት ታሳየዋለህ? የዱባዩ ወንድማችን ችግር ለእኛ እንግዳ አይደለም።


ደመና_ጠባቂ
ሐምሌ 6፣ ሌሊት

አመሰግናለሁ። እኔም ፑኔ እያለሁ የአያቴን ሰፈር ደብር አስብ ነበር። አንድ ልዩነት ግን ልጠቁም፤ እንዳናምታታ ብዬ ነው። በራጋ ተማሪው የተቀበለውን ብቻ አይመልስም። አጭር ባንዲሽ ይሰጠዋል፤ ከሁለት እስከ አራት መስመር ግጥም። የቀረውን ሰዓት ራሱ እዚያው እየፈጠረ መሙላት አለበት። ስለዚህ መምህሩ የሚያወርሰው ዜማውን ብቻ ሳይሆን ዳኝነቱን ነው፤ «ይህ ማልሃር ነው፣ ይህ አይደለም» የሚለውን። ታይ አንዳንድ ቀን ምንም ሳይዘምሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ እኔን ብቻ ይሰሙ ነበር። ስስት ራሳቸውን ይነቀንቁና ዝም ይላሉ። የት እንደሳትኩ የምፈልገው እኔ ነኝ።


ኖታ_ይሻላል
ሐምሌ 7፣ ቀን

የሁላችሁንም ፍቅር አከብራለሁ፤ ግን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ይህን የመምህርና የደቀ መዝሙር ነገር ከልክ በላይ እየቀደስነው ነው።

ብዙ እውቀት እኮ በዚሁ ሥርዓት ምክንያት ጠፍቷል። ጋራና የሚባሉት የሙዚቃ ቤቶች፣ ጓልዮር፣ አግራ፣ ኪራና፣ ጃይፑር አትራውሊ፣ ባንዲሾቻቸውን እንደ ቤተሰብ ሀብት ደብቀው ነው ያኖሩት። ለልጁና ለወንድሙ ልጅ ካልሆነ የማይሰጥ ኡስታድ (የሙዚቃ መምህር) ነበር። ተማሪ ዓመት ሙሉ ውሃ እየቀዳ፣ ቤት እየጠረገ፣ አንድ ሐረግ ሳይማር ሊቆይ ይችላል። ይህን በሩን የከፈቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ቪሽኑ ዲጋምባር ፓሉስካር እ.ኤ.አ. በ1901 ላሆር ላይ ጋንዳርቫ ማሃቪድያላያን ከፈተ፤ መማር የፈለገ ሁሉ የሚገባበት ትምህርት ቤት። ባትካንዴ ደግሞ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ኡስታዶቹን እየለመነ፣ ባንዲሾቹን በኖታ አስፍሮ አሳተመ፤ ራጋዎቹን እንደ ድምፆቻቸው በአሥር «ታት» (ምድብ) ከፋፈለ። ሚያን ኪ ማልሃርም ሆነ ባሃር በእሱ አከፋፈል ካፊ ታት ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 ለክናው ላይ ኮሌጅ እንዲቆም አደረገ። ያ ሁሉ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ዱባይ ያለ አበሻ ስለ ማልሃር ሊያነብ ይችል ነበር?


ደመና_ጠባቂ
ሐምሌ 7፣ ምሽት

ትክክል ነህ፤ ባትካንዴን ሳላመሰግን ማለፌ ጥፋቴ ነው። ታይም የእሱ መጽሐፍ ጥራዞች ሽፋናቸው እስኪረግፍ ይዘዋቸው ነበር፤ ባንዲሽ ሲዘነጉ ይከፍቷቸዋል። በደልም መኖሩን አልክድም። ከታይ በፊት የሄድኩበት ሌላ አስተማሪ ነበር፤ አራት ወር ገንዘብ ተቀብሎኝ ከሌሎች ተማሪዎቹ ፊት ሻይ ከማቅረብ በቀር ያስተማረኝ ነገር አልነበረም። ያንን «ትውፊት» ብዬ አልጠራውም።

ግን መጽሐፉ የማይሰጠውን ለማሳየት የሙዚቃ መምህርቷን የአናፑርና ዴቪን ነገር ልንገርህ። አባቷ የማይሃሩ አላውዲን ኻን ናቸው፤ ራቪ ሻንካርንና ኒኪል ባነርጂን ያስተማሩ። እሷን ሊያስተምሯት አላሰቡም ነበር። አንድ ቀን ወንድሟ አሊ አክባር የተሰጠውን ሲለማመድ ስትሰማ «አባባ እንዲህ አይደለም ያሉት» ብላ ዘምራ አረመችው፤ አባት ከኋላዋ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሯት። ትልቅ ስትሆን መድረክ ትታ ሙምባይ ቤቷ ውስጥ ብቻ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ዕረፍቷ ድረስ ኖረች፤ ለዋሽንት ተጫዋቹም ለሲታር ተጫዋቹም የምታስተምረው በድምፅዋ እየዘመረች ነበር። ሃሪፕራሳድ ቻውራሲያ እሷ ዘንድ ሲመጣ ታዋቂ ዋሽንት ነፊ ነበር። ከዜሮ ለመጀመር ቁርጥ መሆኑን ሊያሳያት ዋሽንቱን የሚይዝበትን እጅ ቀየረ፤ ቀኙን ወደ ግራ አዞረ። እስከዛሬ እንደዚያው ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለ ነገር በክፍያ ደረሰኝ አይገኝም።

የቢምሰን ጆሺም እንዲሁ ነው። በ11 ዓመቱ ጉሩ (መምህር) ፍለጋ ከቤት ጠፋ፤ በባቡር እየተንከራተተ ሰሜን ህንድን አዳረሰ። በመጨረሻ ያገኘው መምህር ሳዋይ ጋንዳርቫ የሚኖረው ኩንድጎል፣ ከተነሳበት ከጋዳግ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ለመምህሩ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመረው የፑኔ የሙዚቃ በዓል ዛሬም ይደረጋል፤ እኔም ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሌሊት ተቀምጫለሁ።


ሰማይ_ተመልካች
ሐምሌ 8፣ ጠዋት

ሙያዬ አየር ሁኔታ ስለሆነ ከዚያ በኩል ትንሽ ላክል። የህንድ ሞንሱን በተለምዶ ሰኔ 1 በእነሱ አቆጣጠር ኬራላ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ዴልሂ የሚደርሰው በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ነው። የእኛም ክረምት በነዚያው ወራት ነው የሚበረታው፤ ኤል ኒኞ ሲበረታ ሁለቱም የመዳከም ዝንባሌ አላቸው። ስለዚህ የፑኔዋ መምህር ሰማይ ሲያዩ የወሎ ገበሬም ያንኑ ያያል።

ስለ ናፍቆቱ ባለ_ታንፑራ ያነሳው ነገር ምክንያት አለው። በድሮው ዘመን ዝናቡ ሲገባ መንገድ ይዘጋ ነበር። ነጋዴውም ወታደሩም ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ከዝናቡ በፊት ቤቱ ያልደረሰ ባል አራቱን ወር አይመጣም። ሚስት በረንዳ ላይ ቆማ ደመናውን ታያለች፤ ፓፒሃ የሚባለው ወፍ ይጮሃል፤ ጩኸቱ በሂንዲ ጆሮ «ፒ ካሃን»፣ «ውዴ የት ነው» ይላል። የሚርዛፑር ሴቶች ካጅሪ የሚባል የክረምት ዘፈን አላቸው፤ እሱም የዚሁ ነው።


ባህር_ማዶ_ዱባይ
ሐምሌ 11፣ ሌሊት

የነገራችሁኝን ይዤ ሦስት ቀን ሠራሁ። እህቴ እንዳለችው ሌላውን ሁሉ ትቼ ጋ፣ ማ፣ ሬ፣ ሳ ብቻ። እጄን በጭኔ ላይ አድርጌ ከፍ ዝቅ እያደረግሁ። መጀመሪያ አልሆነልኝም፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይወዛወዝም።

ዛሬ ማታ ጓደኛዬ ከሥራ ሲገባ እየሞከርኩ ነበር። ውጪ 40 ዲግሪ አልፏል፤ ክፍሉ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ይጮሃል። ጫማውን ሳያወልቅ ተነስቶ ማቀዝቀዣውን አጠፋው። መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠና ራሱ ዘመረው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ «አንተ» አለኝ። ዘመርኩ። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና። ሳት ስል ጣቱን አንስቶ ያስቆመኛል፣ ምንም አይናገርም። ላባችን እየወረደ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። በመጨረሻ አንዷን፣ አንዷን ብቻ፣ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። አባቱ ሰኔ ላይ ሰገነት ወጥተው ይህችኑ ሐረግ ይዘምሩ እንደነበር ነገረኝ። ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ከነገ ጀምሮ ወደ ታችኛው ኒ እንወርዳለን ብሎኛል።


ደመና_ጠባቂ
ሐምሌ 11፣ ሌሊት

ወንድሜ፣ ታችኛው ኒ ላይ ስትደርስ አትቸኩል። ታንፑራህን በፓ ቃኘው፤ ድምፅህ በሚመቸው ከፍታ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ታችኛው ፓ ላይ ትንፋሽ ያጥርሃል። ያቺን አራት ድምፅ ቀድተህ ብትልክልኝ ነገ ለታይ አሰማቸዋለሁ። በየእሑዱ እደውልላቸዋለሁ፤ እዚያም ዝናብ ነው።